የጎዳና ሩጫን በስልክና በሰዓት ታግዞ በእኩል ዓይን ለመዳኘት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰሜን ሸዋ በምትገኝ አንዲት ከተማ በተካሄደ የ10 ኪሎ ሜትር የጎዳና ሩጫ ላይ ሰዓት ያዥ ሆኜ ቆሜ ነበር። ሁለት ወጣቶች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው መስመሩን አለፉ፤ እኔ ሰማያዊ ማሊያ የለበሰውን ቀዳሚ አድርጌ ስጽፍ፣ አጠገቤ የነበረው ዳኛ ቀይ ለባሹን ጻፈ። ወዲያው ከተመልካቹ መካከል ሁለት ስልኮች ወጡ፤ በአንደኛው ቪዲዮ ሰማያዊው፣ በሌላኛው ቀዩ ቀድሞ ይታያል። ሁለቱንም ቪዲዮ ማንም አልነካካቸውም፤ የተለያየ ነገር የመሰከሩት አንደኛው ስልክ ከመስመሩ ጥቂት ሜትር ወዲህ፣ ሌላኛው ጥቂት ሜትር ወዲያ ሆኖ በሰያፍ ይቀርጽ ስለነበር ብቻ ነው። ሽልማቱ ለሁለቱ ተካፍሎ ጠቡ ቢበርድም፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ቴክኖሎጂ ስፖርትን ፍትሐዊ ያደርጋል ወይስ አያደርግም የሚል ክርክር ሲነሳ እኔ የምጠይቀው መሣሪያው የት እንደ ቆመና የሚዳኝበት ሕግ መቼ እንደ ተጻፈ ነው።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በወረዳ፣ በቀበሌና በትምህርት ቤት ደረጃ ሩጫ ለሚያዘጋጁ ሰዎች ነው። በእጃቸው ያለው ሁለት ሦስት ስልክ፣ የእጅ ሰዓት፣ አንድ ብስክሌትና የመለኪያ ሜትር ነው ብዬ እነሣለሁ። እነዚህ በአግባቡ ከተያዙ ብዙ ክርክር ያስቀራሉ፤ ካልተያዙ ግን ድሮ ያልነበረ ክርክር ይወልዳሉ።

የሚለካና የሚያግዝ

ማንኛውም መሣሪያ ወደ ውድድር ከመግባቱ በፊት ከሁለቱ ወገን የትኛው እንደ ሆነ መለየት አለበት። ሰዓት፣ ካሜራ፣ ቺፕ (በሯጩ ላይ ታስሮ ሰዓቱን የሚያስመዘግብ ትንሽ መሣሪያ) እና የመንገድ መለኪያ ሯጩ ያደረገውን ይለካሉ፤ ጫማ፣ መሪ ተሽከርካሪና የፍጥነት መብራት ግን ሯጩ የሚያደርገውን ያግዛሉ። የሚለካው መሣሪያ የሚመረመረው በትክክለኛነቱና ሁሉንም በአንድ ዓይን በማየቱ ሲሆን፣ የሚያግዘው ደግሞ ሁሉም ሊያገኘው ይችል እንደ ሆነ ተጠይቆ ነው። የሁለቱን መመዘኛ ያደባለቀ አዘጋጅ ውድ ሰዓት በመግዛቱ ብቻ ውድድሩ የጸዳ ይመስለዋል፣ ወይም ሁሉም የሚያገኘውን ነገር ዘመናዊ ስለ ሆነ ብቻ ይከለክላል።

የሚለካው መሣሪያም ቢሆን ከሚለካው ነገር በላይ ሲራቀቅ ፍትሕን ያዛባል። በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሊምፒክ የ400 ሜትር ድብልቅ ዋና ስዊድናዊው ጉናር ላርሰን አሜሪካዊውን ቲም መኪን በ2 ሺኛ ሰከንድ ብቻ በልጦ ወርቁን ወሰደ። በዚያ ፍጥነት 2 ሺኛ ሰከንድ ማለት ወደ 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአንዱ መዋኛ መስመር ግድግዳ ከሌላው በዚያ ያህል ሊረዝም ወይም ሊያጥር እንደሚችል ሲታሰብ፣ ሰዓቱ የለካው ዋናተኞቹን ይሁን የግንበኛውን ሥራ መለየት ያዳግታል። የውኃ ዋና ስፖርት ከዚያ በኋላ በመቶኛ ሰከንድ መዳኘትን መረጠ። (በስፖርት ዘገባ ‹ማይክሮ ሰከንድ› እያልን የምንጠራው ብዙውን ጊዜ ይኸው መቶኛ ሰከንድ ነው፤ በውጤት ቅጽ ላይ ግን ‹መቶኛ› ተብሎ ቢጻፍ ይሻላል።) ለእኛም ትምህርቱ ይኸው ነው፤ በእጅ የተያዘ ሰዓት መቶኛ ሰከንድ ስላሳየ ብቻ በመቶኛ ሰከንድ ደረጃ መስጠት አይገባም።

መንገዱን መለካት

የመጀመሪያው ሥራ መንገዱን መለካት ነው። ብዙ አዘጋጆች ስልካቸውን በኪሳቸው ይዘው አንድ ጊዜ በመኪና ይሄዱና ጂፒኤሱ 10 ኪሎ ሜትር ሲሞላ እዚያው ድንጋይ ያኖራሉ። ጂፒኤስ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ በጥቂት ሜትር ይስታል፤ ስሕተቱም በኩርባና በገደል አጠገብ ይበዛል። ወደ ጣርማ በር በሚወጣ መንገድ የሞከረው ሰው ደግሞ ዋሻው ውስጥ ሲገባ ምልክቱ ጨርሶ እንደሚጠፋና ስልኩ መግቢያውንና መውጫውን በግምት እንደሚያገናኝ ያውቃል። ሁሉም የሚሮጡት አንድ መንገድ እስከ ሆነ ድረስ ርቀቱ ቢያጥርም ደረጃው አይዛባም፤ ነገር ግን ሰዓቱ ለቡድን ምርጫ ወይም ለሌላ ውድድር ማመልከቻ ከዋለ 200 ሜትር ባጠረ መንገድ የሮጠው ወጣት በትክክለኛው መንገድ ላይ የለፋውን ያለ አግባብ ይበልጠዋል።

በዓለም ላይ የጎዳና ሩጫ መንገድ ዛሬም የሚለካው በብስክሌት ነው፤ ዘዴውንም ማንም ሊሠራው ይችላል። ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ በብረት ሜትር 300 ሜትር ይለካና ሁለቱ ጫፎች በቀለም ይሰመሩ። የብስክሌቱ የፊት ጎማ በደንብ ተነፍቶ አንድ ቦታ ላይ ምልክት ይደረግበትና በዚህ 300 ሜትር ላይ አራት ጊዜ ተጋልቦ ጎማው ስንት ዙር እንደ ዞረ ይቆጠር፤ ያልሞላው ዙር በሽቦዎቹ ቁጥር ይገመታል። ለምሳሌ አማካዩ 143 ዙር ከሆነ አንዱ ዙር 2.098 ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ እንዳያጥር በየኪሎ ሜትሩ 1 ሜትር ተጨምሮ ስለሚለካ፣ አንዱ ኪሎ ሜትር 1,001 ሜትር ሆኖ በዚህ ብስክሌት 477 ዙር ይወጣዋል። አሥሩን ኪሎ ሜትር በአንድ ትንፋሽ ለመቁጠር ከመሞከር በየኪሎ ሜትሩ ቆሞ ምልክት እያደረጉ መሄድ ይሻላል፤ ከኋላ ሌላ ሰው በሌላ ብስክሌት ቢከተልና ሁለቱ ቢያስተያዩ ደግሞ አንዱ የሌላውን ስሕተት ያርማል። ጋላቢው የሚከተለው ሯጭ ሊሮጥ የሚችልበትን እጅግ አጭሩን መስመር ነው፤ በኩርባ ላይ ከመንገዱ ጠርዝ 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይርቃል።

ለደብረ ብርሃን ሰው አንድ ተጨማሪ ማሳሰቢያ አለኝ። ጠዋት በውርጭ የተነፋ ጎማ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲመታው ይነፋፋል፤ ዙሩም ይረዝማል። ስለዚህ ልኬቱ ካለቀ በኋላ ወደ 300 ሜትሩ ተመልሶ አራት ጊዜ መጋለብና የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቁጥር ማነጻጸር ያስፈልጋል። ልዩነት ከታየ መንገዱን የሚያረዝመው፣ ማለትም የሚበዛው የዙር ቁጥር ይወሰድ።

ሰዓት መያዝ

ለአሸናፊው ሦስት ሰዓት ያዦች ይመደቡ፤ ሦስቱም እርስ በርስ ሳይተያዩ ይመዝግቡ። ሁለቱ ከተስማሙ የእነርሱ ይጸናል፤ ሦስቱም ከተለያዩ መካከለኛው ይወሰዳል፤ በአንድ ምክንያት ሁለት ብቻ ከቀሩና ካልተስማሙ የዘገየው ሰዓት ይመዘገባል። ከስታዲየም ውጭ በሚካሄድ ሩጫ ሰከንድ ያልሞላው ትርፍ ወደሚቀጥለው ሙሉ ሰከንድ ይጠጋል፤ ስለዚህ 31 ደቂቃ ከ20.1 ሰከንድ የነበረው 31 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ሆኖ ይጻፋል። ይህ የዓለም አትሌቲክስን በሚመራው በወርልድ አትሌቲክስ ሕግ የተደነገገ እንጂ የአዘጋጁ ፈቃድ እንዳልሆነ ለአሠልጣኞች አስቀድሞ ቢነገር፣ የተሰረቀችው ሰከንድ የት ሄደች የሚለው ሙግት አይነሳም።

በትምህርት ቤት ሜዳ የ100 ሜትር ሩጫ ሲኖር ሰዓቱ የሚነሳው የተኩሱ ጭስ ወይም የባንዲራው መውረድ ሲታይ እንጂ ድምፁ ሲሰማ አይደለም፤ ድምፅ 100 ሜትር ለመጓዝ ወደ 0.3 ሰከንድ ይፈጅበታልና። መነሻውና መድረሻው በተለያየ ቦታ ለሆነ ሩጫ ደግሞ ‹ተነሥተዋል› ብሎ ስልክ መደወል አያዋጣም፤ ኔትወርኩ የቱን ያህል እንደሚዘገይ ማንም አያውቅም። ሁለት ሰዓቶች ማለዳ ላይ ጎን ለጎን በአንድ ጊዜ ይነሡ፤ አንዱ ወደ መነሻው ሄዶ ውድድሩ የተጀመረበትን ቅጽበት ይመዝግብ፤ ሌላው በመድረሻው ይቆይ። ከመድረሻው ንባብ ላይ የመነሻው ሲቀነስ እውነተኛው ሰዓት ይገኛል።

የማጠናቀቂያው መስመር

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ይህ ክፍል ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ። በ1993 ዓ.ም. መስከረም በሲድኒ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር ሲቀድም የኃይሌ ሰዓት 27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ፣ የቴርጋት 27 ደቂቃ ከ18.29 ሰከንድ ነበር። በመካከላቸው የነበረው 9 መቶኛ ሰከንድ ነው። በተለመደው አቀራረጽ በሰከንድ 30 ምስል የሚያነሣ ስልክ በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚያገኘው ሁለት ወይም ሦስት ምስል ብቻ ነው። በሰከንድ 6 ሜትር የሚሮጥ ሰው በአንዱ ምስልና በሚቀጥለው መካከል 20 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል፤ ስለዚህ ከአንድ ስንዝር ያነሰ ብልጫ ሁለቱ ምስሎች መካከል ገብቶ ሊጠፋ ይችላል። ስልኩ ስሎው ሞሽን የሚባለው ኖሮት በሰከንድ 240 ምስል ሲቀርጽ ግን ይህ ክፍተት ወደ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ለእኛ ደረጃ ውድድር ይህ ከበቂ በላይ ነው። በታላላቅ ውድድሮች ያለው የፎቶ ፊኒሽ ካሜራ ግን አሠራሩ ራሱ ሌላ ነው፤ ቀጭኗን የመስመሩን ቁራጭ ብቻ በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ እየደጋገመ ያያል። በ2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ የ100 ሜትር ፍጻሜ ኖኣ ላይልስ 9.784፣ ኪሻኔ ቶምፕሰን 9.789 ሰከንድ ገብተው የተለዩት በዚህ ዓይነቱ ነው፤ በተለመደው የስልክ አቀራረጽ ቢሆን ኖሮ ሁለቱን መለየት ባዳገተ ነበር።

ስልኩ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ከቆመበት ቦታ አይበልጥም። መስመሩ በነጭ ቀለም ወይም በኖራ ከተሰመረ በኋላ በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ቀጥ ያሉ ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች ይተከሉ። ስልኩ ከመስመሩ ቅጥያ ላይ፣ ከመንገዱ ጥቂት ሜትር ርቆ፣ ከሯጮቹ ራስ ከፍ ብሎ ይታሰር፤ የሚታሰረውም በሰው እጅ ላይ ሳይሆን በማይነቃነቅ ግንድ ወይም በአጥር ምሰሶ ላይ ነው። በስክሪኑ ሲታይ የቅርቡ እንጨት የሩቁን እንጨት ሙሉ በሙሉ ከሸፈነው ስልኩ በልኩ ቆሟል፤ ሩቁ እንጨት በግራ ወይም በቀኝ ብቅ ካለ ስልኩ ወዲያ ወዲህ ይገፋ። እኔ በታሪኬ የነገርኩት ጠብ ሁሉ የመጣው ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ስላልተሠራ ነው። ወደ ካሜራው ቀርቦ የሚሮጠው ከወዲያ ያለውን ሊጋርደው ስለሚችል ሁለተኛ ስልክ በመንገዱ ሌላ ወገን በተመሳሳይ ልክ ይቁም። ጠዋት የሚካሄድ ውድድር ከሆነ አንደኛው ስልክ ፀሐይ ፊት ለፊት ሊመታው ስለሚችል በዋዜማው በዚያው ሰዓት ሄዶ መሞከር ብልህነት ነው።

ስልኩ በበረራ ሁነታ ላይ ይደረግ። ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን መሪዎቹ 50 ሜትር ሲቀራቸው የዳኛው አጎት ደውለው ቀረጻውን ሲያቋርጡ አይቻለሁ።

ምስሉን የሚመለከቱት ሦስት ዳኞች ብቻ ይሁኑ፤ ከመካከላቸውም የሯጮቹ ዘመድ ወይም አሠልጣኝ አይኑር። የሚታየው የሰውነት ክፍል ደረት፣ ማለትም ከአንገት በታች ከእጅና ከእግር ውጭ ያለው አካል ነው፤ እጁን የዘረጋ ወይም ራሱን ያጎነበሰ ሰው በዚያ ብቻ አይቀድምም። ምስሉ ሁለቱን ካልለያቸው ‹እኩል ገብተዋል› ብሎ መወሰን ነውር የለበትም፤ የአንደኛና የሁለተኛ ሽልማት ተደምሮ ለሁለት ይካፈል። ይህም ቢሆን ከውድድሩ በፊት በደንቡ ላይ መጻፍ አለበት እንጂ ሯጮቹ ከገቡ በኋላ የሚፈጠር ፍርድ መሆን የለበትም።

ቺፕ መከራየት የቻለ አዘጋጅ ብዙ ሕዝብ ለሚሮጥበት ውድድር ጥሩ አግኝቷል። ከኋላ የተነሣው ሰው መነሻውን ሲረግጥ የራሱ ሰዓት ይጀምርለታል። ለሽልማት ግን የሚታየው ተኩስ ከተተኮሰበት ጀምሮ ማን ቀድሞ እንደ ገባ ነው፤ ይህ ካልተነገረ 15ኛ የገባ ሰው በቺፕ ሰዓቱ 9ኛ ነኝ ብሎ ሊሞግት ይችላል። ቺፕ የሚያውቀው ራሱን እንጂ የታሰረበትን ሰው አይደለም፤ ስለዚህ ከመንገዱ እኩሌታ ላይ የደረት ቁጥርንና ፊትን የሚቀርጽ አንድ ስልክ ይቀመጥ።

ጫማ

በመንዲዳ አጠገብ በጃቶ የተወለደው አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ሲጨርስ ጫማ የውድድሩ ጥያቄ አልነበረም። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ደግሞ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ደገመው። በአገራችን ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ጫማ ምንም አይደለም ለማለት ይጠቀሳል፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። የዛሬው ጫማ አበበ የተጫማው ዓይነት አይደለም፤ በወፍራም አረፋና በካርቦን ሳህን የተሠራ ሆኖ የሯጩን ድካም በእውነት ይቀንሳል። ለዚህም ነው ወርልድ አትሌቲክስ በ2012 ዓ.ም. ገደብ ያበጀው፤ ለጎዳና ሩጫ የሶሉ ውፍረት ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥና ውስጡ ከአንድ ሳህን በላይ እንዳይኖር ተደነገገ። ከጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በመም (በስታዲየም መሮጫ) ውድድር ሁሉ ገደቡ 20 ሚሊ ሜትር ሆኗል።

ሕጉ ከመጽሐፍ ወጥቶ በአንድ ኢትዮጵያዊ ላይ ሲያርፍም አይተናል። በ2014 ዓ.ም. መስከረም መጀመሪያ በቪየና ማራቶን ደራራ ሁሪሳ በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ቀድሞ ቢገባም፣ ጫማው 50 ሚሊ ሜትር ሆኖ ስለተገኘ ውጤቱ ተሰርዞ ከ3 ሰከንድ በኋላ የገባው ኬንያዊው ሊዮናርድ ላንጋት አሸናፊ ተባለ። አዘጋጆች ከዚህ የሚወስዱት ተግባር ቀላል ነው፤ ጫማ የሚመረመረው የደረት ቁጥር ሲሰጥ እንጂ ሯጩ 10 ኪሎ ሜትር ለፍቶ ከገባ በኋላ አይሁን። ማስመሪያ ከውጭ ደግፎ መለካት ያሳስታል፤ የሶሉ ጠርዝ እግርን አቅፎ ወደ ላይ ስለሚወጣ ከእውነተኛው ውፍረት በላይ ያሳያል። ትክክለኛው ልኬት በተረከዙ መሐልና ከፊት በጣቶቹ ሥር ባለው የሶሉ መሐል፣ እግሩ ከሚያርፍበት እስከ መሬት ያለው ነው። ያጠራጠረ ጫማ ካለ ተመዝግቦ ሯጩ ሌላ እንዲያደርግ አንድ ቀን አስቀድሞ ይነገረው።

ይህ ሁሉ ግን የሕጋዊውን ጫማ ጥያቄ እንጂ የዋጋውን ጥያቄ አይመልስም። በ2016 ዓ.ም. መስከረም ትዕግሥት አሰፋ በበርሊን 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ በሆነ የዓለም ክብረ ወሰን ስትገባ ያደረገችው ጫማ 138 ግራም ብቻ የሚመዝን፣ 500 ዶላር የሚሸጥ፣ መጀመሪያ ለገበያ የቀረበውም 521 ጥንድ ብቻ ነበር። ጫማው በሕግ የተፈቀደ ነው፤ የእርሷንም ብቃት ማንም አይጠራጠርም። ነገር ግን በመሐል ሜዳ ወይም በሞላሌ ኮንጎ ጫማ አድርጎ ለሚሰለፍ ተማሪ ‹ተፈቅዷል› የሚለው ቃል ከ‹ተከልክሏል› ብዙም አይለይም። እኔ የምመክረው አዋቂዎች በዓለም አቀፉ ሕግ እንዲዳኙ፣ ከ18 ዓመት በታች ላሉት ግን ሳህን ያለው ጫማ ጨርሶ እንዳይፈቀድ ነው። ሳህን ያለበት ጫማ በሁለት እጅ ሲታጠፍ እንደ እንጨት ስለሚገትር መለየቱ አይከብድም። ይህ ደንብ ቢያንስ ከወር በፊት ይለጠፍ፤ ያለችውን አጠራቅማ ለልጇ ጫማ የገዛች እናት በመነሻው መስመር ላይ እንድትሰማው ማድረግ ሌላ በደል ነው። ሁለተኛው መንገድ የወጣቶቹን ሩጫ ከአስፋልት አውጥቶ በሣር ሜዳ ላይ ማድረግ ነው፤ የመንዝ ሜዳ ለዚህ ተብሎ የተነጠፈ ይመስል አለ፤ የአስፋልት ጫማም እዚያ የሚሰጠው ጥቅም ይቀንሳል።

መብራት፣ ሞተር ሳይክልና ከፍታ

በመም ዳር እየበራ የሚሄደው የፍጥነት መብራት ወደ እኛ አልደረሰም፤ ስለ እርሱ የሚባለው ግን ለእኛም ይጠቅማል። ጆሹዋ ቼፕቴጌ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. በሞናኮ የቀነኒሳ በቀለን የ5,000 ሜትር ክብረ ወሰን ከ12 ደቂቃ ከ37.35 ወደ 12 ደቂቃ ከ35.36 ሰከንድ ሲያወርድ ብዙዎቻችን መብራቱን ወቀስን። በመስከረም 2013 ዓ.ም. በቫሌንሲያ ለተሰንበት ግደይ በዚያው መብራት ታግዛ የጥሩነሽ ዲባባን 14 ደቂቃ ከ11.15 ወደ 14 ደቂቃ ከ06.62 ስታወርድ ግን ወቀሳው ቀነሰ፤ ዳኛ ከሆኑ እንዲህ ያለውን ማዳላት ከራስ ላይ ማውጣት ያስፈልጋል። ወርልድ አትሌቲክስ መብራቱን የሚፈቅደው በመም ላይ ለሚሮጡት ሁሉ በእኩል ስለሚታይ ነው። በእኛ ጎዳና ላይ ያለው ግን የአንዱ ወንድም በሞተር ሳይክል ከፊቱ ሆኖ ነፋስ የሚከላከልለት፣ ጊዜም የሚነግረው ነው፤ ይህ በሕጉ የተከለከለ እገዛ ሲሆን በደብረ ብርሃን ነፋስ ላይ ጥቅሙ ቀላል አይደለም። መሪ መኪና ከቀዳሚው ቢያንስ 50 ሜትር ይራቅ፤ የግል ባጃጅና ሞተር ከመንገዱ ይውጣ፤ ሯጭም ስልክና የጆሮ ማዳመጫ አይያዝ።

ለዞን ቡድን ሯጭ ሲመረጥ ከየወረዳው የመጣን ሰዓት ደርድሮ መምረጥ መሣሪያው ትክክል ሆኖ ሳለ ፍርዱ የሚዛባበት ሁኔታ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ናቸው፤ አየሩ በሳሳበት ከፍታ የተሮጠ 10 ኪሎ ሜትር በቆላው ከተሮጠው ሊዘገይ እንደሚችል ማንኛውም አሠልጣኝ ያውቃል። በዚህ ላይ የቆላው ሙቀት በተራው ይፈርዳል። ስለዚህ ሰዓት ለመጥሪያ ብቻ ይዋል፤ ምርጫው ሁሉም በአንድ ቀን በአንድ መንገድ ሮጠው በገቡበት ደረጃ ይደረግ።

አቤቱታና ብልሽት

‹በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ› የሚለው አባባል ሠርቶ የኖረው ሩሯን የሚመቱት ሁሉ ሕጉን ከልጅነታቸው ስለሚያውቁት ይመስለኛል፤ ገንዘብ የሚሸለምበት ሩጫ ግን ጌታውንም ሎሌውንም ያስቆጣል። አቤቱታ የሚቀበል አንድ ሰው በስሙ ተለይቶ ይታወቅ፤ ውጤት በይፋ ከተነገረ በኋላ 30 ደቂቃ ብቻ ይፈቀድ፤ አቤቱታው በጽሑፍ ይሁን። ተመልካች የቀረጸው ቪዲዮ ይታይ ወይስ አይታይ የሚለው ከውድድሩ በፊት መወሰን አለበት። እኔ የምከተለው ደንብ የተመልካች ቪዲዮ ማን ቀድሞ ገባ ለሚለው እንዳያገለግል፣ መንገድ ማቋረጥንና መገፋፋትን ለማስረዳት ግን እንዲያገለግል ነው፤ ለመጀመሪያው የካሜራው ቦታ ልክ ወሳኝ ሲሆን ለሁለተኛው እንደዚያ አይደለምና።

የዕድሜን ክርክር በመሣሪያ ለመፍታት ለሚመኙ የምለው አጭር ነው። ፊፋ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ መመርመር የጀመረው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ በወረዳ ይህ አይታሰብም። የትምህርት ቤት መዝገብና የክፍል ጓደኞች ምስክርነት ከውድድሩ ሳምንት በፊት ይሰብሰብ።

መሣሪያ ይበላሻል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. በአስቶን ቪላና በሼፊልድ ዩናይትድ ጨዋታ ኳሷ የግብ መስመሩን ሙሉ በሙሉ አልፋ ሳለ ጎል መሆኑን ለዳኛው ሰዓት የሚያሳውቁት ሰባቱም ካሜራዎች በግብ ጠባቂው፣ በተከላካዩና በግቡ ቋሚ ተጋርደው የዳኛው ሰዓት አልነዘረም፤ ዳኛውም ጎሉን ሳያጸድቅ ጨዋታው ያለ ግብ አለቀ። በእኛ በኩል የሚበላሸው ከዚህ የቀለለ ነው፤ በኅዳር ውርጭ ንጋት ላይ የቆየ ስልክ 40 በመቶ ባትሪ እያሳየ ሊጠፋ ይችላል። ስልኩ ውድድሩ እስኪቃረብ በብብት ወይም በጋቢ ውስጥ ይቆይ፤ የኃይል ማጠራቀሚያም ይሰካበት።

ስለዚህም ካሜራና ቺፕ ቢኖርም ባይኖርም ከመስመሩ ጥቂት ሜትር ወዲያ ሁለት ሰዎች በወረቀትና በእርሳስ ይቁሙ፤ እስክሪብቶ በብርድ አልጽፍ ሊል ይችላል። አንደኛው የሚገባውን የደረት ቁጥር ይጥራ፤ ሁለተኛው በቅደም ተከተል ይጻፍ፤ በየገጹ መጨረሻ ሁለቱም ይፈርሙና ገጹ ወዲያው ፎቶ ይነሣ። አሸናፊው ሲገባ ሁሉም ሰው ወደ ሽልማቱ መድረክ ስለሚሮጥ ስልኩን አጥፍቶ መሄድ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ከአቤቱታዎች መካከል ‹ጨርሻለሁ፣ ስሜ የለም› የሚል አይጠፋም። ቀረጻው የሚቆመው በመነሻው ላይ ከተቆጠሩት ሯጮች አቋርጠው የወጡት ተቀንሰው የመጨረሻው ቁጥር በወረቀቱ ላይ ሲሰፍር ነው።